በበዓል ቀን ድረ ገጻችን ለምን ይዘጋል? የመረጃ ቋት ግንኙነት ጣሪያ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ የጎንደር ታቦታት በካህናቱ ዝማሬና በምእመናኑ እልልታ ታጅበው ወደ ዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። በዚያች ዕለት በአካል የሚገኘው ሕዝብ እጅግ ብዙ ቢሆንም በአካል መገኘት ያልቻለው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። በጃናሞራና በበየዳ ተራሮች የሚኖረው ወገናችን የመንገዱ ርቀት ይይዘዋል፤ አረጋዊውና ሕመምተኛው ከቤት ይውላሉ፤ በዋሽንግተን፣ በለንደንና በዱባይ ያሉት ልጆቻችን በስደት ናቸው። እነዚህ ሁሉ የመርሐ ግብሩን ሰዓት ለማወቅ፣ የዕለቱን ትምህርት ለማንበብ፣ ሥዕሎቹን ለማየት ወደ ቤተ ክርስቲያን ድረ ገጾች ይመጣሉ። በዓለ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህም የሌላው ዓለም ሰው ስለ በዓሉ ምንነት ይጠይቃል።

ብዙ ጊዜ ግን በዓመቱ እጅግ በሚፈለግበት በዚያ ሰዓት ድረ ገጹ ይዘጋል። ገጹን ለከፈተ ሰው የሚታየው «ከመረጃ ቋቱ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል ትርጉም ያለው አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ ነው። ምእመኑ «ተበላሸ» ይላል፤ አንዳንዱ «ጠላት አጠቃው» ብሎ ያዝናል፤ ሌላው ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የታወቀ ምክንያት ያለው፣ ተመርምሮም የሚፈታ ነው። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን ምንነት፣ የሚመረመርበትን መንገድና የመፍትሔውን ቅደም ተከተል በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በሰበካ ጉባኤና በማኅበራት የሚያገለግሉ ሁሉ ሊረዱት በሚችሉት መንገድ እናቀርባለን።

ጉዳዩ ለምን አገልግሎትን ይመለከታል?

ድረ ገጽ መዘጋቱ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ይኖራል። ነገር ግን እውነተኛው ደጅ ሲዘጋ ሰው ወደ ሌላ ደጅ ይሄዳል። የመርሐ ግብሩን ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ያጣ ምእመን ምንጩ ካልታወቀ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ይወስዳል። ለገዳም ወይም ለአብነት ትምህርት ቤት ሊረዳ የመጣ በጎ አድራጊ ደግሞ በገዳሙ ስም የተለጠፈ ሐሰተኛ የባንክ ቁጥር ሊያጋጥመው ይችላል። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ገጠር ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጥቶ፣ ከጥቂት ብሩ የሞባይል ዳታ ገዝቶ የከፈተ ሰው የተዘጋ ገጽ ሲያገኝ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይቀርበታል። ስለዚህ ይህን ደጅ ክፍት አድርጎ መጠበቅ እንግዳን የመቀበል አካል ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም የብዛት ጭንቀት አዲስ እንዳልሆነ ያስተምሩናል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ለሕዝቡ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ ይህ አሠራር እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነገረው። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም፣ ቀላሉን እነርሱ እንዲፈርዱ፣ ከባዱ ብቻ ወደ እርሱ እንዲመጣ መከረው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ደግሞ የምእመናን ቁጥር ሲበዛ በዕለት ዕለቱ ማዕድ መበለቶች ተዘነጉ፤ ማንጎራጎርም ሆነ። ሐዋርያት ሕዝቡን «ለምን በዛችሁ?» አላሉም፤ ከጸሎትና ከስብከት ሳይለዩ ሰባት ዲያቆናት እንዲመረጡ አደረጉ። እኛ ዲያቆናት የምናገለግልበት ማዕረግ ታሪኩ ከዚህ ይጀምራል። ከዚህ በታች የምናየው መፍትሔ ሁሉ በመንፈሱ ከእነዚህ ከሁለቱ ምዕራፎች የራቀ አይደለም።

ድረ ገጽ እንዴት ይሠራል?

አንድ ሰው በስልኩ ድረ ገጽ ሲከፍት ሦስት ወገኖች ይነጋገራሉ። የመጀመሪያው የምእመኑ ስልክ ነው። ሁለተኛው ጥያቄውን የሚቀበለው ሰርቨርና በውስጡ ያለው ፕሮግራም ነው፤ ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ድረ ገጾች ዎርድፕሬስ በተባለው ፕሮግራም የተሠሩ ናቸው። ሦስተኛው የመረጃ ቋቱ (ዳታቤዙ) ነው፤ ጽሑፉ፣ ርእሱ፣ ቀኑ፣ የአባላቱ ስምና የምጽዋቱ መዝገብ በእርሱ ተቀምጧል።

በቤተ ክርስቲያን አሠራር ብንመስለው፣ ምእመኑ በደጀ ሰላም የቆመ እንግዳ፣ ፕሮግራሙ መልእክተኛ፣ የመረጃ ቋቱ ደግሞ ንዋያተ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ ያሉበት ዕቃ ቤት ነው። መልእክተኛው ወደ ዕቃ ቤቱ ለመግባት መክፈቻ መቀበል አለበት፤ የተጠየቀውን ይዞ ሲወጣ መክፈቻውን ይመልሳል። ያ መክፈቻ በባለሙያዎች ቋንቋ «ኮኔክሽን» ይባላል። መክፈቻዎቹ ደግሞ የተቈጠሩ ናቸው። ሁሉም በመልእክተኞች እጅ ሳሉ ሌላ መልእክተኛ ቢመጣ «መክፈቻ የለም» ተብሎ ይመለሳል። እንግዳው የሚያየው ያ የተዘጋ ገጽ የዚህ ውጤት ነው።

በስፋት አገልግሎት ላይ የዋሉት ማይኤስኪውኤልና ማሪያዲቢ ማንም ካልለወጠው የሚፈቅዱት 151 ግንኙነት ነው። ከዚህ በላይ አንድ ተጨማሪ መግቢያ ለአስተዳዳሪው ይጠበቃል፤ ሁሉም በተያዘ ጊዜ ኃላፊው ገብቶ እንዲመረምር ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ደግሞ 100 ይፈቅዳል፤ ከዚያው ውስጥ 3ቱን ለአስተዳዳሪ ያስቀምጣል። ብዙ ድረ ገጾች አንድ ሰርቨር በጋራ በሚከራዩበት አገልግሎት ግን ለእያንዳንዱ ተከራይ የሚደርሰው ከዚህ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን የሚወስነውም አከራዩ ድርጅት ነው።

ጣሪያው ለምን አስፈለገ?

«ቁጥሩን ወደ 1,000 ወይም ወደ 5,000 ከፍ ቢያደርጉት አይቀልም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። እያንዳንዱ ግንኙነት ከሰርቨሩ የማስታወሻ ቦታ (ሜሞሪ) ይወስዳል። ለምሳሌ አንድ ግንኙነት በሥራ ላይ ሳለ 10 ሜጋባይት ቢወስድ 151 ግንኙነት 1.5 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል፤ 1,000 ግንኙነት ግን 10 ጊጋባይት። ሰርቨሩ በጠቅላላው 4 ጊጋባይት ብቻ ካለው፣ ማስታወሻው ሲያልቅ ሥርዓተ ክወናው የመረጃ ቋቱን በግድ ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ጥቂቶች መመለሳቸው ቀርቶ ሁሉም ይመለሳሉ፤ በመጻፍ ላይ የነበረው መዝገብም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ጣሪያው ዕቃ ቤቱን ከመፍረስ የሚጠብቅ አጥር ነው። አጥሩን ከማንሣት በፊት ሰው ለምን በአጥሩ ላይ እንደ ተጨናነቀ መጠየቅ ይገባል።

መክፈቻዎቹን የሚያስጨርሰው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ የብዙዎች አስተሳሰብ ይሳሳታል። «ሰው ስለ በዛ ነው» ይባላል። በእርግጥ ብዛት አንዱ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ከብዛቱ እኩል የሚወስነው እያንዳንዱ መልእክተኛ መክፈቻውን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በአንድ ጊዜ የሚያዙት ግንኙነቶች ብዛት፣ በሰከንድ የሚመጡት ጥያቄዎች እያንዳንዱ በሚፈጀው ሰከንድ ተባዝቶ የሚገኘው ነው።

በሰከንድ 50 ጥያቄ ይመጣል እንበል። እያንዳንዱ የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ቢፈጅ በአንድ ጊዜ የሚያዙት በአማካይ 5 ግንኙነቶች ብቻ ናቸው። የሰው ብዛት ሳይጨምር እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ 3 ሰከንድ ቢዘገይ ግን 150 ግንኙነቶች ይያዛሉ፤ የ151ዱ ጣሪያ ሞላ ማለት ነው። ስለዚህ ድረ ገጹን የዘጋው የምእመናን ብዛት ሳይሆን የአሠራር መዘግየት ሊሆን ይችላል። መዘግየትን የሚያመጡት የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ማውጫ የሌለው መዝገብ ነው። መጽሐፍ ማውጫ ከሌለው አንዱን ምዕራፍ ለማግኘት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መግለጥ ግድ ይላል። የመረጃ ቋትም «ኢንዴክስ» የሚባል ማውጫ ካልተበጀለት ስለ ጥምቀት የተጻፉትን ለማግኘት የዓመታቱን ጽሑፍ ሁሉ ያገላብጣል። ጽሑፉ 200 በነበረ ጊዜ ያልተሰማው መዘግየት 20,000 ሲደርስ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ንባብ የሚጽፍ ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ብዙ ድረ ገጾች «ይህን ጽሑፍ ይህን ያህል ሰው አነበበው» የሚል ቈጣሪ አላቸው። በበዓል ቀን ሁሉም አንዱን ጽሑፍ ሲከፍት ሁሉም ያንኑ አንድ ቁጥር ለመለወጥ ይሰለፋል። አንዱ እስኪጽፍ ሌላው መክፈቻውን ይዞ ይጠብቃል። አሮጌው የማይአይሳም አሠራር ደግሞ ለአንድ ቁጥር ብሎ ሠንጠረዡን በሙሉ ይቈልፋል፤ ኢኖዲቢ የተባለው ግን የሚጻፈውን መስመር ብቻ ይቈልፋል።

ሦስተኛ፣ የተቀባዩ ኔትወርክ ዝግታ ነው። ይህ በሰሜን ጎንደር ደጋ ላሉ ምእመናን በተለይ ይመለከታል። የኔትወርኩ ፍጥነት ዝቅተኛ ሲሆን ገጹ ወደ ስልኩ ጥቂት በጥቂት ይሄዳል። ሰርቨሩ በአግባቡ ካልተደራጀ መልእክተኛው የመጨረሻዋ ቃል እስክትደርስ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል፤ የዕቃ ቤቱ መክፈቻም በእጁ እንዳለ ይቆያል። ጥፋቱ የገጠሩ ምእመን አይደለም፤ ሥርዓቱ ዝግ ያለውን ሰው ታሳቢ አለማድረጉ ነው።

አራተኛ፣ ሥራውን ጨርሶ መክፈቻውን ያልመለሰ መልእክተኛ ነው። ማይኤስኪውኤል ሥራ ፈት የሆነን ግንኙነት በራሱ የሚዘጋው፣ ካልተለወጠ በቀር፣ ከ28,800 ሰከንድ ማለትም ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። በከተራ ዋዜማ ጠዋት የተዘነጋ መክፈቻ ሠርክ ድረስ ያለ ሥራ ሊያዝ ይችላል ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ሰው ያልሆነ ጎብኚ ነው። የፍለጋ ድርጅቶችና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅቶች ገጾችን የሚሰበስቡ ሮቦቶች አሏቸው። የይለፍ ቃል በመገመት ሊሰብሩ የሚሞክሩ ሌሎችም የመግቢያ ገጹን ቀንና ሌሊት ይደበድባሉ። እያንዳንዱ ሙከራ እንደ አንድ ምእመን መክፈቻ ይወስዳል።

ምርመራው እንዴት ይደረግ?

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አይሰጥም። ያ የተዘጋ ገጽ ከጣሪያው መሙላት ሌላ በብዙ ምክንያት ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሰርቨሩን የስሕተት መዝገብ ማንበብ ያስፈልጋል። በማይኤስኪውኤል እያንዳንዱ ስሕተት ቁጥር አለው። 1040 ከሆነ የሰርቨሩ ጠቅላላ ጣሪያ ሞልቷል። 1203 ወይም 1226 ከሆነ ለእናንተ ለአንዱ ተጠቃሚ የተፈቀደው አልቋል፤ ይህ በጋራ ኪራይ ላይ የተለመደ ነው። 1045 ከሆነ የይለፍ ቃሉ ወይም ፈቃዱ ተሳስቷል። 2002 ከሆነ የመረጃ ቋቱ ራሱ ቆሟል ወይም መንገዱ ተቋርጧል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከብዛት ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ጣሪያ ከፍ ማድረግም አይፈታቸውም።

ቁጥሩ 1040 ከሆነ ቀጥሎ የሚጠየቀው «መክፈቻዎቹን የያዙት እነማን ናቸው? ምን እያደረጉ ነው?» የሚለው ነው። በማይኤስኪውኤል «ሾው ፕሮሰስሊስት» የሚባለው ትእዛዝ ይህን ይዘረዝራል፤ በፖስትግሬስ ደግሞ የወቅቱን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። በዝርዝሩ የሚታየው ከሦስት አንዱ ነው። አብዛኞቹ «ስሊፕ» ማለትም የተኙ ከሆኑ ችግሩ ያልተመለሰ መክፈቻ ነው። አብዛኞቹ በሥራ ላይ ሆነው አንድ ዓይነት ጥያቄ ለብዙ ሰከንድ ከያዙ ችግሩ የማውጫ እጦት ወይም የከበደ ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ አንዱን ቁልፍ የሚጠብቁ ከሆነ ደግሞ እንደ ንባብ ቈጣሪው ያለ የጽሕፈት ሰልፍ አለ።

ሰርቨሩ ከተነሣ ጀምሮ በአንድ ጊዜ የተያዘው ከፍተኛው የግንኙነት ብዛትም ተመዝግቦ ይገኛል። ይህን ቁጥር ከልደት፣ ከጥምቀትና ከትንሣኤ በኋላ በማስታወሻ መያዝ ለሚቀጥለው ዓመት ትልቅ መረጃ ነው። ጣሪያው 151 ሆኖ በልደት 140 ከደረሰ የጥምቀትን መጠበቅ አያሻም፤ ከወዲሁ ይዘጋጃሉ። እንዲሁም የዘገዩ ጥያቄዎችን የሚመዘግብ መዝገብ አለ፤ ካልተስተካከለ ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ብቻ ይጽፋል። ይህን ወደ 1 ሰከንድ ዝቅ አድርጎ ለአንድ ሳምንት መከታተል ዋናውን በሽታ ያጋልጣል።

መፍትሔው በቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ወደ ዕቃ ቤቱ የሚሄደውን መልእክተኛ መቀነስ ነው። የጥምቀት መርሐ ግብር ለአንዱም ለዐሥር ሺሁም አንድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው እንደገና ከመረጃ ቋቱ መቅዳት አያስፈልግም። አንድ ጊዜ የተዘጋጀውን ገጽ በደጅ አስቀምጦ ለሚመጣው ሁሉ መስጠት «ካሽ» ይባላል። አባቶቻችን የዘመኑን አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ ቀምረው መስከረም 1 ቀን ያውጃሉ፤ ምእመኑ ሁሉ በየዕለቱ መጥቅዕና አበቅቴ እንዲያሰላ አይጠበቅበትም። የዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕርም እንዲሁ ነው፤ ውኃው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የሚሞላው ከበዓሉ አስቀድሞ ነው። ሕዝቡ ከተሰበሰበ በኋላ ውኃ ለመቅዳት ወደ ወንዝ የሚሄድ የለም። ገጹን ለአምስት ደቂቃ ብቻ በደጅ ማቆየት እንኳ ሸክሙን እጅግ ያቀልለዋል፤ በሰከንድ 50 ጥያቄ ቢመጣ በአምስት ደቂቃ 15,000 ይሆናል፤ ወደ ዕቃ ቤቱ የሚሄደው ግን ገጹን የሚያድሰው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መክፈቻው የሚያዝበትን ጊዜ ማሳጠር ነው። ለዘገዩ ጥያቄዎች ማውጫ ይበጅላቸው። የንባብ ቈጣሪውና የማያስፈልጉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ይነሡ፤ ስንት ሰው እንዳነበበ ማወቅ ሰው ከማንበብ አይበልጥምና። ከፕሮግራሙ ፊት ኤንጂንኤክስን የመሰለ ተቀባይ ሰርቨር ይቁም፤ እርሱ ገጹን ከመልእክተኛው በአንድ ጊዜ ተረክቦ፣ ዝግ ላለው ስልክ በትዕግሥት ጥቂት በጥቂት ያደርሳል። መልእክተኛው ግን መክፈቻውን መልሶ ወደ ሌላው እንግዳ ይሄዳል። ሥዕሎቹንም ማሳነስ ይገባል፤ ይህ ለደጋው ምእመን የሞባይል ዳታውን ጭምር ይቆጥብለታል።

ሦስተኛው የተኙትን ማንሣት ነው። ሥራ ፈት ግንኙነት የሚጠበቅበት ጊዜ ከ8 ሰዓት ወደ ጥቂት ደቂቃ ዝቅ ይበል። «ዘላቂ ግንኙነት» የሚባለው አሠራር ተከፍቶ ከሆነም ይመርመር፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራ ባይኖረውም መክፈቻውን እንዲይዝ ያደርጋልና።

አራተኛው በመልእክተኛውና በዕቃ ቤቱ መካከል አለቃ መሾም ነው። ይህ የዮቶር ምክር ነው። ፒጂባውንሰር ለፖስትግሬስ፣ ፕሮክሲኤስኪውኤል ለማይኤስኪውኤል እንዲህ ያለ አገልግሎት ይሰጣሉ። በመቶዎች የሚቈጠሩ ጠያቂዎችን ተቀብለው በጥቂት ዐሥር ግንኙነቶች ተራ በተራ ያስተናግዳሉ። ያልደረሰው ተራውን ጥቂት ይጠብቃል እንጂ ተባርሮ አይመለስም። በቅኔ ቤትም የኔታ ለሁሉ አይደርሱምና አስነጋሪዎች ያግዟቸዋል፤ ጉባኤው በዚህ ይሰፋል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ጣሪያውን ማስተካከል ነው። ይህ የሚደረገው በስሌት ነው። በመጀመሪያ የማስታወሻው መጠን ይታያል። ቀጥሎ የፕሮግራሙ ሠራተኞች ብዛት ከግንኙነቱ ብዛት ጋር ይመዘናል፤ ሁለት ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 40 ሠራተኛ ቢኖራቸውና እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ግንኙነት ቢይዝ 80 ያስፈልጋል፤ ለመጠባበቂያ ቅጂና ለአስተዳዳሪው ደግሞ ትርፍ ይተዋል። ድረ ገጹ ራሱ በአስተዳዳሪው ስም ወደ መረጃ ቋቱ እንዳይገባም ጥንቃቄ ይደረግ፤ እንዲህ ከሆነ ለክፉ ቀን የተጠበቀችው ያች አንዷ መግቢያም ትያዛለች።

በዚህ ቅደም ተከተል ብንሄድ አብዛኛው ሥራ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይፈጸማል። ትልቅ ሰርቨር ለመከራየት በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው ገንዘብ የምእመናን ዐሥራትና ስእለት ነው፤ በማውጫ እጦት የመጣን ችግር በገንዘብ ለመሸፈን መሞከር ለመጋቢነታችን አይስማማም።

ምጽዋት የሚሰበሰብባቸው ገጾች

የምጽዋት ገጽ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምእመኑ በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍሎ፣ መዝገቡ በሚጻፍበት ቅጽበት መክፈቻ ቢታጣ፣ ገንዘቡ ሄዶ ስሙ ሳይመዘገብ ይቀራል። ምእመኑም «አልሄደም» ብሎ ሁለተኛ ይከፍላል። ይህ የመታመን ጉዳይ ነው። መፍትሔው ሦስት ነው። ክፍያው ከመጀመሩ በፊት ሐሳቡ በልዩ መለያ ቁጥር ይመዝገብ፤ ያው መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ቢመጣ እንደ አንድ ይቈጠር፤ በየዕለቱም የገጹ መዝገብ ከባንኩ ዝርዝር ጋር ይመሳከር። የምጽዋቱ መዝገብ ከዜናው ገጽ በተለየ የተጠቃሚ ስምና በተለየ የግንኙነት ድርሻ ቢሠራ ደግሞ የዜናው መጨናነቅ የድሆችን ሣጥን አይዘጋም።

በበዓሉ ዕለት ቢያጋጥምስ?

ዝግጅቱ ሁሉ ተደርጎ በዕለቱ ቢያጋጥም የመጀመሪያው ሥራ መርሐ ግብሩን፣ የዕለቱን አጭር ትምህርትና ትክክለኛውን የምጽዋት ሒሳብ ቁጥር የያዘ፣ ከመረጃ ቋቱ ጋር የማይገናኝ አንድ ቀላል ገጽ በፊት ማቆም ነው። ይህ ገጽ ከበዓሉ በፊት ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ቀጥሎ የፍለጋ ሣጥኑና የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራው ለጊዜው ይቁሙ። የቅጂውን ሰዓት በተመለከተ፣ በጎንደር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሰው የለም ብለን የምናስበው ጊዜ በጥር ወር በዋሽንግተን ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ በስደት ያሉት ከሥራ ወጥተው ገጹን የሚከፍቱበት ሰዓት መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ሰርቨሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ግን አይመከርም። በደጅ የቆመው ሁሉ በሩ በተከፈተ ቅጽበት በአንድነት ይገፋልና፣ ካሹም ባዶ ሆኖ ይጀምራልና፣ ችግሩ ይብሳል። የሚያዋጣው የተኙትን ግንኙነቶች መዝጋት፣ የከበደውን ጥያቄ ለይቶ ማቆም፣ ከዚያም ጎብኚዎችን ቀስ በቀስ ማስገባት ነው።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሀብትና ባለሙያ የማይጎድለው የአሜሪካ መንግሥት በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. የጤና መድን ድረ ገጹን ሲከፍት ገጹ በመጀመሪያው ቀን ተጨናንቆ ብዙዎች ሳይጠቀሙ ተመልሰዋል። በሀገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ተማሪዎች ከድረ ገጹ ሌላ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራምም እንዲያዩ መደረጉ ሸክሙን በብዙ ደጅ ማከፋፈል ነው። የቤተ ክርስቲያን ድረ ገጾችም የበዓሉን መርሐ ግብር በቴሌግራም ቻናላቸው አስቀድመው ቢያወጡ፣ ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት አካባቢም በቀላሉ ይደርሳል።

የምእመናን ድርሻ

ውድ ምእመናን፣ በእናንተም በኩል ሊደረግ የሚገባ አለ። ገጹ ሲዘገይ ደጋግማችሁ አታድሱት፤ የመጀመሪያው ጥያቄ በሰርቨሩ ዘንድ ገና እየተሠራ ሳለ ሁለተኛና ሦስተኛ መክፈቻ ትወስዳላችሁ፤ ከእናንተ በኋላ የቆመው ወንድም ይከለከላል። ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። የምጽዋት ቁልፍን ሁለት ጊዜ አትጫኑ፤ ከባንኩ ወይም ከቴሌብር የመጣውን መልእክት አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ገጹ በተዘጋ ጊዜም ካልታወቀ ቦታ የተገኘ የሒሳብ ቁጥር አትጠቀሙ።

በሰበካ ጉባኤና በማኅበራት አመራር ላይ ያላችሁም የድረ ገጹን አገልጋዮች ከበዓሉ አንድ ወር በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ባለፈው በዓል ከፍተኛው ግንኙነት ስንት ደረሰ? ጣሪያው ስንት ነው? ለክፉ ጊዜ የተዘጋጀው ገጽ የታለ? መልስ ካለ ዝግጅቱ አለ። መልስ ከሌለም ለመዘጋጀት ጊዜ ይኖራል።

ድንኳን ተካዩ፣ ውኃ ቀጂው፣ ምንጣፍ አንጣፊው ሁሉ ከበዓሉ በፊት ሥራውን ይፈጽማል፤ በዕለቱ ግን ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ነው። የድረ ገጽ አገልጋይ ሥራም እንዲሁ ነው። ደጁ ክፍት ሆኖ ከበየዳ ተራራ የመጣውም፣ ከባሕር ማዶ የመጣውም የቤተ ክርስቲያንን ድምፅ ከሰማ አገልግሎቱ ፍሬ አፍርቷል። የአገልጋዮቹን ድካም እግዚአብሔር ይቀበልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።